የነዳጅ ታንክ መቆጣጠሪያን ለድሬዳዋ ማደያ እንዴት እናስተካክላለን?

በድሬዳዋ የታንክ መቆጣጠሪያ የተተከለበትን ማደያ ሥራ አስኪያጅ «መሣሪያው እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ስክሪኑ ሌላ ይላል፣ ዲፕስቲኩ (በእጅ ታንኩ ውስጥ እየተነከረ የነዳጁ ከፍታ የሚነበብበት ባለ ልኬት ዘንግ) ሌላ ይላል» የሚል ነው። በእኔ የሥራ ልምድ ከእንዲህ ያለው ቅሬታ አብዛኛው የመጣው ከመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን በተከላው ቀን በጥድፊያ ከተሞሉ ቁጥሮች ነው። መሣሪያው የሚለካው የፈሳሹን ከፍታ ብቻ ሲሆን፣ ከፍታውን ወደ ሊትር የሚቀይረው እኛ ስለ ታንኩ በነገርነው መሠረት ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወጣ ሊትር ደግሞ እስከ ነጥብ ቤት ድረስ ቢጻፍም ስሕተትነቱ አይቀርም።

አብዛኞቹ ማደያዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ሦስት ነገሮች አሉት፤ ወደ ታንኩ ቁልቁል የሚገባ ረጅም ዘንግ ማለትም ፕሮብ፣ በፕሮቡ ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት ተንሳፋፊዎች (አንዱ ለነዳጁ፣ ሌላው ከሥር ለሚጠራቀም ውሃ) እና ቢሮ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኮንሶል። በፕሮቡ ውስጥ በተዘረጋው ሽቦ የኤሌክትሪክ ምት ይላካል፤ ምቱ ተንሳፋፊው ከያዘው ማግኔት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ንዝረት በሰከንድ 2,800 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ወደ ላይኛው ጫፍ ይመለሳል፣ መሣሪያውም ከወሰደው ጊዜ ተነሥቶ ከፍታውን ያሰላል። በፕሮቡ ቁመት ላይ በተለያየ ከፍታ የተደረደሩ የሙቀት መለኪያዎችም አሉ፤ እነርሱ ለድሬዳዋ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆኑ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ከቁልፍ ሰሌዳው በፊት

ማስተካከል ከመጀመርዎ በፊት አንድ ወረቀት ይዘው የየታንኩን የውስጥ ዲያሜትር፣ ርዝመት፣ የመያዝ አቅም፣ የነዳጅ ዓይነት፣ ፕሮቡ የገባበት ቀዳዳ ከታንኩ መሐል ያለውን ርቀት እና በፕሮቡ አናት ላይ የታተመውን መለያ ቁጥርና ግራዲየንት ይመዝግቡ። ግራዲየንት ማለት ንዝረቱ በዚያ ሽቦ ላይ የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚገልጽ፣ ከፕሮብ ፕሮብ ጥቂት የሚለያይ ቁጥር ነው። አንዳንድ ኮንሶሎች ራሳቸው ያነቡታል፤ የማያነቡት ላይ ግን በእጅ መግባት አለበት። ፕሮብ በተቀየረ ቁጥር ይህ ቁጥር አብሮ መቀየሩ ይረሳል።

ማንሆል ሲከፈት የቤንዚን ትነት እንደሚወጣ፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ እንደሚቆይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዙሪያው ያሉት ፓምፖች ይቁሙ፣ ስልክ ቢሮ ይቀመጥ፣ ብየዳና መፍጫ ካለ ይቁም። የፕሮቡ ገመድ ደግሞ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቧንቧ) ፈጽሞ መሄድ የለበትም። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ሁለቱ አንድ ላይ የታሰሩበትን ማደያ አይቻለሁ፤ ያ የንባብ መዛባት ብቻ ሳይሆን በታንክ ውስጥ ብልጭታ የመፍጠር አደጋም ነው፤ ፕሮቡ የተሠራበትን የአነስተኛ ኃይል ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋልና። ኮንሶሉ የራሱ ጤናማ የመሬት ገመድና መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ (ዩፒኤስ) ይኑረው።

ሰዓት

ቀላል የሚመስለው፣ እኔን ግን ያሳፈረኝ ነገር ይህ ነው። ኮንሶሉ ቀንን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በእርሱ ቋንቋ 00:00 ማለት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ማደያ ውስጥ የፈረቃ መዝጊያ ሰዓት ስጠይቅ «12 ሰዓት ላይ» ተባልኩ፤ እኔም ያለ ምንም ማሰብ 12:00 እና 00:00 ብዬ አስገባሁ። ፈረቃው የሚቀየረው ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ስለነበር መግባት የነበረባቸው 06:00 እና 18:00 ነበሩ። ኮንሶሉ የጠዋቱን ግርግር በሙሉ በሌሊቱ ፈረቃ ላይ ቆጠረው፤ ከታንኩ የወረደው ነዳጅ የሌሊቱ ቀጂ በፓምፕ ቆጣሪው ካስመዘገበው ሽያጭ እጅግ በልጦ ታየ። አንድ ወጣት ቀጂ ከአሥር ቀን በላይ በጉድለት ሲጠረጠር ቆይቶ ነው የእኔ ስሕተት የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጠይቅ «ፀሐይ ስትወጣ ወይስ እኩለ ቀን ላይ?» ብዬ አስረግጬ ሳልጠይቅ አላስገባም።

እንግዲህ የሰዓት ቀጠናው ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድም ሆኖ ይሞላ፤ በበጋና በክረምት ሰዓት የሚለዋውጠው አማራጭ ይጥፋ፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚመዘገብ የማደያው መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ሁለቱን የሚያመሳክር የቀን መቁጠሪያ ከኮንሶሉ አጠገብ ይለጠፍ። መለኪያዎቹ ሊትር፣ ሚሊሜትርና ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁኑ። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በጋሎንና በኢንች የተዘጋጁ ናቸውና መለኪያው ከሁሉ በፊት ይቀየር፤ ከኋላ መቀየር የገቡትን ቁጥሮች ሊያዛባ ይችላል።

የታንኩ ቅርጽ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከመሬት በታች የሚቀበረው ታንክ ብዙውን ጊዜ በጎኑ የተኛ በርሜል ስለሆነ፣ አንድ ሚሊሜትር ከፍታ በየደረጃው እኩል ሊትር አይሆንም። የውስጥ ዲያሜትሩ 2,500 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 10.2 ሜትር የሆነ፣ 50,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንክ እንውሰድ። ነዳጁ እስከ ወገቡ ሲደርስ አንድ ሚሊሜትር 25 ሊትር ተኩል ነው፤ 200 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ግን 14 ሊትር አይሞላም። በወገቡ ላይ የአንድ ሴንቲሜትር ስሕተት 255 ሊትር ማለት ነው።

ኮንሶሉ ይህን ቅርጽ እንዲያውቅ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይጠይቃል፤ ባለ 1፣ ባለ 4 ወይም ባለ 20 ነጥብ። ባለ 1 ነጥብ ዲያሜትሩንና ሙሉ መጠኑን ብቻ ወስዶ ቀሪውን በስሌት ይሞላል፤ ጫፎቹ ጠፍጣፋ ለሆኑ ታንኮች መጥፎ አይደለም። ጫፎቻቸው እንደ ሳህን ለተለጠጡ ወይም ተቀብረው ጥቂት ለተጨፈለቁ ታንኮች ግን ባለ 20 ነጥቡ ይመረጣል። በዚህ መንገድ ከፍታው በ20 እኩል ክፍል ይከፈላል፤ በምሳሌያችን በየ125 ሚሊሜትሩ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱም ከፍታ ከታንኩ የመጠን ሰንጠረዥ ሊትሩ ተነብቦ ይገባል። ሰንጠረዡ ከሌለ ታንኩን ባዶ አድርጎ በተመሰከረለት ቆጣሪ እየሞሉ፣ በየደረጃው ዲፕስቲክ እያስገቡ መሥራት ይቻላል። አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅና ማደያውን የሚያዘጋ ሥራ ነው፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል።

ከአሮጌ ንድፍ ላይ የተገለበጠን ዲያሜትር ሳይለኩ አይመኑ። 2,500 ተብሎ የተጻፈ ታንክ ሲለካ 2,440 ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው የ60 ሚሊሜትር ልዩነት እስከ ወገቡ በተሞላ ታንክ ላይ ከ400 ሊትር በላይ ትርፍ ያሳያል። ዲያሜትሩን ለማረጋገጥ ዲፕስቲኩን በመሙያው ቧንቧ እስከ ታንኩ ወለል ያውርዱና ከወለሉ እስከ ታንኩ ጣሪያ ውስጠኛ ገጽ ያለውን ይለኩ፤ የቧንቧውን ቁመት አብረው እንዳይቆጥሩ ይጠንቀቁ።

ዝንባሌ

ታንክ ሲቀበር ውሃና ዝቃጭ ወደ አንድ ጫፍ እንዲሄድ ሆን ተብሎ ይዘነበላል፤ ሆን ተብሎ ባይሆንም አፈሩ ሲረግብ በጊዜ ብዛት ያዘነብላል። ፕሮቡ በታንኩ ትክክለኛ መሐል ካልገባ ዝንባሌው ንባቡን ያዛባል። ምሳሌው ታንክ በመቶ አንድ ቢያዘነብል፣ ፕሮቡም ከመሐል 3 ሜትር ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ርቆ ቢተከል፣ ንባቡ ከመሐሉ ከፍታ በ30 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ በወገብ ከፍታ ላይ ይህ 765 ሊትር ነው። በሌላው አቅጣጫ ቢሆን ያንኑ ያህል ያጎድላል።

ዝንባሌውን ለማወቅ የመሙያ ቧንቧውና የፕሮቡ ቀዳዳ በተለያየ ጫፍ ላይ መሆናቸው ይጠቅማል። በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ደቂቃ ዲፕ ያድርጉ፣ ማለትም በዲፕስቲክ ይለኩ፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለውን ልዩነት በቀዳዳዎቹ መካከል ላለው ርቀት ሲያካፍሉ የዝንባሌውን መጠን ያገኛሉ። ሲያስገቡ ምልክቱን ያስተውሉ፤ አንዱ ኮንሶል ከፕሮቡ ወደ ታች የሚወርደውን አወንታዊ ሲለው ሌላው አሉታዊ ይለዋል። መመሪያው ግልጽ ካልሆነ ቁጥሩን አስገብተው የሊትሩ ንባብ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱን ይመልከቱ፤ ከራቀ ምልክቱ ተገልብጧል።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ባለሙያ ዝንባሌን ትቶ በዲፕስቲኩና በስክሪኑ መካከል ያለውን ልዩነት በሙሉ «ኦፍሴት» በሚባለው፣ በንባቡ ላይ ቋሚ ቁጥር በሚጨምር ወይም በሚቀንስ ማስተካከያ ይሸፍነዋል። ያን ቀን ሁለቱ ይስማማሉ። ነገር ግን ስሕተቱ ከዲያሜትር ወይም ከሰንጠረዥ የመጣ ከሆነ ልዩነቱ በየከፍታው ስለሚለያይ፣ ታንኩ ሲጎድል ጭቅጭቁ ይመለሳል። ኦፍሴት የሚሞላው ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ከፍታዎች፣ ታንኩ ሊሞላ ሲል፣ ሲጋመስና ሲጎድል፣ ዲፕ ተደርጎ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ዲፕ ሲያደርጉ ሽያጭ ይቁም፣ ዲፕስቲኩ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ወለሉን ሲነካ ወዲያው ይውጣ፤ በዚህ አገር ሙቀት ቤንዚን ከዲፕስቲኩ ላይ ተንኖ መስመሩ ሳይነበብ ይጠፋልና ነዳጅ የነካውን ለይቶ የሚያሳይ ልጥፍ ቀብቶ ማስገባት ይሻላል።

የሙቀቱ ነገር

ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የቤንዚን መጠን በ0.00126 ገደማ፣ የናፍጣ በ0.00083 ገደማ ይለወጣል፤ እነዚህን ኮፊሸንቶች ለየታንኩ በነዳጁ ዓይነት ያስገባሉ። ኮንሶሉ ከዚያ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንደኛው በታንኩ ውስጥ አሁን ያለው መጠን፣ ሁለተኛው ወደ 15 ዲግሪ ተመልሶ የተሰላ መጠን።

ድሬዳዋ ላይ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ታንኩ ውስጥ 30,000 ሊትር ናፍጣ በ32 ዲግሪ ቢኖር፣ ወደ 15 ዲግሪ የተመለሰው መጠን 29,577 ሊትር ይሆናል። ዲፕስቲክ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለተኛው ከተመረጠ 423 ሊትር «ጎደለ» ይባላል። ቀዝቃዛ በሆነ አገር ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ አንዳንዴም ይገለበጣሉ። በእኛ ቆላ ግን የተቀበረ ነዳጅ እንኳ ከ15 ዲግሪ በታች ስለማይወርድ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ነው፤ ስለዚህ እንደ ስርቆት ይመስላል። ከዲፕስቲክና ከፓምፕ ቆጣሪ ጋር የሚመሳከረው ሪፖርት ያልተመለሰውን መጠን እንዲያሳይ አድርገው ይምረጡ፤ የተመለሰውን መጠን ለፍሳሽ ምርመራና ለረጅም ጊዜ ክትትል ያስቀምጡት።

ቦቴም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ ጠረፍ ተጭኖ ቀን በፀሐይ ሲጓዝ የዋለ 40,000 ሊትር ቤንዚን በታንክ ውስጥ ገብቶ 8 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 400 ሊትር ገደማ ይሰበሰባል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ ጭነት ደግሞ ቀዝቀዝ ወዳለ ደጋ ስለሚደርስ ይኸው ነገር ይጠብቀዋል። ሾፌሩም ማደያውም ሳይሰርቁ ነዳጅ «ሊጠፋ» ይችላል፤ ይህን የሚያስረዳው የኮንሶሉ የሙቀት መዝገብ ነው።

ውሃ

በከተማዋ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት የደረቀ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚመጣ የድሬ ሰው ከ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ያውቀዋል። ወንዙ ሳይደርስ ቢቀር እንኳ የድንገት ዝናብ ማንሆሉን ሞልቶ በላላ ክዳን ወደ ታንክ ሊገባ ይችላል። የቀኑና የሌሊቱ የሙቀት ልዩነትም በታንኩ ባዶ ክፍል ላይ ጤዛ ይሠራል።

የውሃው ተንሳፋፊ ከነዳጁ ከብዶ ከውሃ መቅለል ስላለበት በነዳጁ ዓይነት ይመረጣል፤ ለቤንዚን የተሠራው በናፍጣ ውስጥ አጥርቶ ላይሰምጥ ይችላል። በብዙ ሞዴሎች ተንሳፋፊው ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እጅግ ቀጭን ውሃን አያይም፤ ስለዚህ ውሃ ለይቶ ቀለሙ የሚቀየረውን ልጥፍ በዲፕስቲክ ጫፍ መቀባት ከኮንሶሉ በኋላም አይቀርም። በምሳሌው ታንክ 30 ሚሊሜትር ውሃ 110 ሊትር ገደማ፣ 50 ሚሊሜትር ደግሞ 240 ሊትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ለማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛውን ሽያጭ ለሚያስቆም ማንቂያ መመደብ ጥሩ መነሻ ነው። ታንኩ ያዘነበለ ከሆነና ፕሮቡ በከፍተኛው ጫፍ ካለ ግን ውሃው ተንሳፋፊው ጋ ሳይደርስ በሌላው ጫፍ ሊጠራቀም ስለሚችል ሁለቱንም ቁጥር ዝቅ ያድርጉ።

ማንቂያዎችና የቦቴ ርክክብ

በብዙ አገር የተለመደው የሙሌት ማንቂያ ከአቅሙ 90 በመቶ ላይ መጮህ፣ በ95 በመቶ ላይ ደግሞ ሙሌቱ መቆም ነው። በ50,000 ሊትር ታንክ በሁለቱ መካከል ያለው 2,500 ሊትር ብቻ ነው፤ በደቂቃ 800 ሊትር በሚያራግፍ ቦቴ ይህ ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ደወሉ ቢሮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቦቴው በሚቆምበት ቦታ መሰማት አለበት፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሰምታ ሮጣ እስክትናገር ጊዜ አይኖርም።

የዝቅተኛ መጠን ማንቂያው ፓምፑ ነዳጅ ከሚስብበት ከፍታ በላይ ይሁን። 200 ሚሊሜትር ላይ 1,900 ሊትር ገደማ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ያለውን ለሽያጭ የሚቆጥር ማደያ ዝቃጭና አየር ይስባል። የነዳጅ እጥረት ባለበት ሰሞን ይህን ማንቂያ ዝቅ ለማድረግ ግፊት እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ማጣሪያው ሲደፈን ግን ወጪው ከተሸጠው ጥቂት ሊትር ይበልጣል።

ቦቴ ከመከፈቱ በፊት የሚታየው ቁጥር የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ እርሱም እስከ 90 በመቶ እንዲሰላ ይደረግ። በታንኩ 11,200 ሊትር ካለ የሚቀበለው 33,800 ሊትር ነው፤ 40,000 የጫነው ቦቴ በአንድ ታንክ አይራገፍም። ኮንሶሉ የርክክብ መዝገቡን ፍሰቱ ከቆመ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንዲዘጋ እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይስጡት፤ የቦቴው አንዱ ክፍል ተራግፎ ቱቦው ወደ ሌላው ክፍል እስኪዛወር አንዱን ቦቴ ሁለት ርክክብ አድርጎ እንዳይመዘግበው ነው። በርክክብ ሰዓት ከዚያው ታንክ ሽያጭ ካልቆመ ደግሞ የተሸጠው ከተራገፈው ላይ ተቀንሶ ስለሚታይ ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ ይጨቃጨቃል።

የፍሳሽ ምርመራ ሽያጭ በሌለበት፣ ታንኩ ረግቶ በቆየበት ሌሊት ይቀመጥ፤ ቦቴ በገባበት ምሽት ያለው ውጤት ዋጋ የለውም፣ ነዳጁ ገና ሙቀቱን እያስተካከለ ነውና። በአሜሪካ ደንብ ለወርሃዊው ምርመራ የተቀመጠው መጠን በሰዓት 0.2 ጋሎን፣ ማለትም 0.76 ሊትር ያህል ነው፤ ብዙ መሣሪያዎችም በዚሁ ልክ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ በሚሠራ ማደያ አመቺውን ሰዓት ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁ ሊያልቅ ተቃርቦ ቦቴ የሚጠበቅበትን ሰዓት መጠቀም ይሞከራል፤ ግን ታንኩ ባዶ በሆነ መጠን ምርመራው የሚሸፍነው የታንክ ግድግዳ ያንሳል።

የኔትወርክ ግንኙነቱ ብዙ አያስወራም፤ ኮንሶሉን ቋሚ አድራሻ ይስጡት፣ ከውጭ የሚገባበትን የይለፍ ቃል ከፋብሪካው ቃል ይቀይሩ።

ሥራው ሲያልቅ ያስገቧቸውን ቁጥሮች በሙሉ ከኮንሶሉ ያትሙ። ቀኑን፣ ያስገባውን ሰውና በሦስቱ ከፍታዎች የተገኘውን የዲፕስቲክ ልዩነት በእጅ ጽፈው በፕላስቲክ ሸፍነው ከርክክብ ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ። ኮንሶሉ በሙቀት በሚያትምበት ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ በድሬ ሙቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ስለሚችል ፎቶ ኮፒውን እንጂ ዋናውን ብቻ አያስቀምጡ፤ የኮንሶሉ የማስታወሻ ባትሪ ባለቀ ቀን ታንኩን እንደገና ከመለካት የሚያድንዎ ያ አንድ ገጽ ነው።